ማንኪያው በማን እጅ ነው? ሕፃናትን ሌሎች ሲመግቡ ስለሚነሣው ሥጋት የቀረበ ዳሰሳ

እናት ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጇን ለአያት፣ ለእህት፣ ለሠራተኛ ወይም ለሕፃናት ማቆያ ትታ ትወጣለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አይለያትም፤ ምን ሰጡት? ቅቤ አቅምሰውት ይሆን? ጡጦው በደንብ ታጥቧል? ጎረቤት ልጁን ስታቅፈው በእጇ የያዘችውን ቆሎ አጉርሳው ቢሆንስ?

ይህ ሥጋት ብዙ ጊዜ የአዲስ እናት ጭንቀት ተብሎ ይታለፋል፤ ካልታለፈም በአማትና በምራት መካከል ያለ የቤት ውስጥ ጠብ ተደርጎ ይወሰዳል። ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ረጅም ታሪክ፣ በየዘመኑ የተገለበጠ የሕክምና ምክር፣ እርስ በርሱ የማይስማማ ማስረጃና ከሥራ ሕግ ጋር የተሳሰረ ችግር አለበት። ይህ ዳሰሳ እነዚህን በየተራ ያያል። ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ የሥጋታችንና የአደጋው መጠን አይመጣጠኑም። ሥጋቱ የሚያርፈው በሚታየው ነገርና በሚታየው ሰው ላይ ነው። ብዙውን ሕፃን የሚጎዳው ግን በውሃው፣ በጡጦውና በቀጠነው አጥሚት በኩል የሚመጣው ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥጋቱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ ገጠር ልጅን አንድ ሰው ብቻ ያሳደገበት ዘመን አልነበረም። አራስ ቤት የሚገቡት አዋላጅ፣ አያትና ጎረቤት ሁሉ በልጁ አፍ ላይ ድርሻ ነበራቸው። ገና ጡት ሳይዝ በጣት ጫፍ የተወሰደ ለጋ ቅቤ ላንቃው ላይ ይቀባል፤ አንጀት ያለሰልሳል፣ ሆድ ይጠርጋል ይባላል። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ የሚሰጥበት፣ አብሽ የሚቀመስበት፣ ሆዱን ነፋው ሲባል ጤና አዳም የሚጨመርበት አካባቢ አለ። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ሆድ ያማል ተብሎ የሚደፋበትም አለ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ «ሌላ ሰው ምን ሰጠው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ሥጋት አይነሣም ነበር። የሚሰጡት የሚታመኑ ሰዎች፣ የሚሰጠውም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበርና።

ሥጋቱ ራሱን ችሎ የወጣው እናት ከልጇ ርቃ በምትሠራበት ሥርዓት ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን ለጠባቂ ይሰጡ ነበር። ጠባቂዎቹም የሚያለቅስ ሕፃን ዝም እንዲል ኦፒየም ያለበትን «ጎድፍሪ ኮርዲያል» የተባለ ሽሮፕ ያጠጡ ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ፋርማሲዎች የሚታወቀው ግራይፕ ወተር በ1851 በኖቲንግሃም ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን በእንግሊዝ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ የወጣለት በ1992 ነው። የሚያሰጋው የባህል መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከሱቅ የተገዛውም ሁልጊዜ አስተማማኝ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያስታውሳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንግሥታትና ኩባንያዎች ወደ ሕፃኑ ምግብ ገቡ። በኢትዮጵያ በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም አማካይነት ፋፋ ተዘጋጀ፤ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። በሌላው ዓለም የዱቄት ወተት በብዛት ይሸጥ ጀመር። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ተበጥብጦ፣ እንዲቆይ ሲባልም ቀጥኖ የሚሰጠው ወተት የሕፃናት ገዳይ ሆኗል የሚለው ክስ በ1970ዎቹ ገነነ፤ በ1977 በኔስሌ ምርቶች ላይ የግዢ አድማ ተጠራ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮች የሚሸጡበትንና የሚተዋወቁበትን መንገድ የሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች።

ቀጣዩ መታጠፊያ 2001 ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ዓለም አቀፉ ምክር ተጨማሪ ምግብ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጀመር ይል ነበር፤ በ2001 ወደ ሙሉ ስድስት ወር ተሻገረ። ኢትዮጵያም በ2004 ባወጣችው የሕፃናትና የታዳጊ ሕፃናት አመጋገብ ብሔራዊ ስትራቴጂ ይህንኑ ተቀበለች። ስለዚህ ልጆቿን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያሳደገች አያት «በአራት ወሩ አጥሚት ጀምሩለት» ስትል ብዙ ጊዜ የምትደግመው የዚያን ዘመን የጤና ባለሙያ የነገራትን ነው። ለወላጆች «አላዋቂነት» የሚመስላቸው ብዙው ነገር የትናንት ትምህርት ነው።

አራት ዓይነት አደጋ፣ አንድ ዓይነት ፍርሃት

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሡ ክርክሮች የሚድበሰበሱት አራት የተለያዩ ነገሮች «አደገኛ ምግብ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው ብርቅ ሆኖ ሲደርስ ግን የሚገድል ነው፤ ማርና የሚያንቅ ምግብ እዚህ ይገባሉ። አንድ ጊዜ ብቻ መሰጠቱ ይበቃል፤ በጎ ሐሳብም አያድንም። ሁለተኛው ዘወትር የሚያጋጥም፣ አንዱን ቀን ለብቻው ቢያዩት ቀላል የሚመስል፣ ሲደጋገም ግን ልጁን የሚያቀጭጭ ነው፤ የቆሸሸ ጡጦ፣ ያልፈላ ውሃ፣ ያደረ ገንፎ። ሦስተኛው በራሱ መርዝ ያልሆነ፣ ነገር ግን የተሻለውን ምግብ ገፍቶ ቦታውን የሚይዝ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት የሚሰጥ ውሃና አጥሚት ዋና ጉዳቱ ሆድ ሞልቶ ጡት ማስቀነሱ ነው። አራተኛው ባለሙያዎች ራሳቸው የማይስማሙበት ወይም ምክራቸውን የለወጡበት ነው።

እነዚህን መለየት የሚጠቅመው መልሳቸው ስለሚለያይ ነው። ለመጀመሪያው የሚያዋጣው ቁርጥ ያለ ክልከላ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ሊሠራ የሚችል ልማድና አቅርቦት ይፈልጋል። ሦስተኛው ጊዜ፣ ማለትም እናት ከልጇ ጋር የምትሆንበት ወይም ወተቷን አልባ የምታስቀምጥበት ሁኔታ ይጠይቃል። አራተኛው ላይ ትዕግሥት ይበቃል።

ቅቤ፣ ውሃና ማር፦ ማስረጃው ምን ይላል?

ከጡት በፊት የሚቀመስ ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ ቁጥሮቹ አይስማሙም። በ2011 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 27 በመቶ ያህል ሕፃናት እንደተሰጣቸው ሲያሳይ በ2016 ቁጥሩ ወደ 8 በመቶ ወርዷል። በየወረዳው የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2018 የታተመ ትንተና ግን አሁንም ሩቡን ያለፈ አማካይ አግኝቷል። ልዩነቱ በከፊል ከቦታ ምርጫ ሊመጣ ይችላል፤ የወረዳ ጥናቶች ልማዱ በሚጠነክርበት አካባቢ ይበዛሉ። በከፊል ደግሞ ከመልሱ ሊመጣ ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየጊዜው የምታስተምራት እናት «አልሰጠሁም» ማለት እንደሚጠበቅባት ታውቃለች፤ አያት አቅምሳው ከሆነ ደግሞ ላታውቀው ትችላለች።

ቅቤው ራሱ ምን ይጎዳል? እዚህ ላይ ማስረጃው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጠንካራ ነው፤ ጡት መያዝን ያዘገያል፣ እንገሩ በሚደፋበትም ሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያውን ያጣል፣ ባልታጠበ ጣት የሚመጣው ተሕዋስ ደግሞ ገና ምንም ባልለመደ አንጀት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ብዙም የማይነገር ነው። ስብ ሕፃኑን ሳያስለው ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ ለጨቅላዎች የነጠረ ቅቤ ማጠጣት በተለመደበት በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ሐኪሞች ከዚህ የመጣ የሳንባ ምች መዝግበዋል። ብዙ የሚጠጣ ሕፃንና ላንቃው ላይ በጣት የተቀባለት ሕፃን ግን እኩል አደጋ ላይ አይደሉም። በአንዲት ጣት ቅቤ «ልጄን ገደሉት» ብሎ መደናገጥና «እኛም በዚህ አድገናል» ብሎ መናቅ ሁለቱም ከማስረጃው ይርቃሉ።

ውሃ ከቅቤው ያነሰ ያስፈራል፤ ነገር ግን ከእሱ ይበልጥ የተለመደ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 17 በመቶ ያህሉ ከጡት ሌላ ውሃ፣ 11 በመቶ ያህሉ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ሙቀት በበዛበት ቆላ «ጠምቶታል» ማለት የርኅራኄ ንግግር ነው፤ የጡት ወተት አብዛኛው ክፍል ውሃ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ንጹሕ ቢሆን እንኳ ብዙ ውሃ የጨቅላውን የደም ጨው አቅጥኖ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል።

ማር ከሁሉም ግልጽ የሆነው ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ብዙም የማይነገርለት። በሕፃናት አንጀት ውስጥ አድጎ ነርቭን የሚያዝል መርዝ የሚያመርተው ባክቴሪያ የሚያስከትለው ቦቱሊዝም ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የታወቀው በ1976 በካሊፎርኒያ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከማር ጋር ያለው ግንኙነት ታወቀ። የባክቴሪያው ስፖር በቤት ማፍላት አይሞትም። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅ አንጀት ይቋቋመዋል፣ የታናሹ ግን አይቋቋመውም። መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሆድ ድርቀት ነው፤ ቀጥሎ የዓይን ሽፋን ይከብዳል፣ መጥባት ይደክማል፣ ልቅሶው ይሰልላል። አብዛኞቹ ሕሙማን ስፖሩን ከአፈርና ከአቧራ እንዳገኙት ይታመናል፤ ስለዚህ ማር መከልከል አደጋውን አይዘጋም፤ በእርግጠኝነት ሊወገድ የሚችለውን መንገድ ግን ይዘጋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚ ማር አምራች ናት፤ ምርመራው ደግሞ ልዩ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ስለዚህ «እኛ ጋ ማር የቀመሰ ሕፃን ሲታመም አላየንም» የሚለው ክርክር ደካማ ነው፤ ያልተመረመረ ሕመም አይቆጠርም።

ቆሎ፣ ፈንድሻና ያልተዘጋው ክርክር

ቡና ሲፈላ ፈንድሻ ይቀርባል፣ ቆሎ በእጅ ይዘገናል፣ መዳህ የጀመረ ልጅ ምንጣፍ ላይ የወደቀውን ለቅሞ ወደ አፉ ይወስዳል። እዚህ ላይ ዓይን የሚያስፈልገው የሚሰጠው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። የሕፃን መተንፈሻ ጠባብ ነው፤ የኋላ ጥርስ ሳይወጣ ሽምብራና ለውዝ መፍጨት አይቻልም፤ ጠንካራ ሳልም ገና የለውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለውዝና ፈንድሻ አራት ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ ይላል።

ይሁን እንጂ «ጠጣር ነገር ሁሉ ያንቃል» የሚለው ድምዳሜ በማስረጃ አልጸናም። በኒውዚላንድ 206 ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ሙከራ በራሳቸው እጅ ቁራሽ አንሥተው እንዲበሉ የተደረጉትን በማንኪያ ከሚጎርሱት ጋር አነጻጽሯል፤ በመታነቅ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ወላጆቹ ግን የትኛው ምግብ እንደሚያንቅ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ስለዚህ ወሳኙ የምግቡ ቅርጽና ልስላሴ፣ የልጁ ተቀምጦ መብላትና የሚያይ ሰው መኖሩ ነው። በጀርባ ታዝሎ ወይም ሲሮጥ የሚጎርስ ልጅ ላይ ጥናቱ የሚለው ነገር የለም።

በጡጦው ውስጥ ያለው

የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ከሁሉ በላይ የሚጨነቁበት ነገር በቤተሰብ ጠብ ውስጥ እምብዛም አይነሣም። አጥሚት ሲወፍር በጡጦ ጫፍ አያልፍም። ስለዚህ ወይ ቀዳዳው በጋለ መርፌ ወይም በምላጭ ይሰፋል፣ ወይ አጥሚቱ በውሃ ይቀጥናል። በመጀመሪያው ልጁን ትን ይለዋል፤ በሁለተኛው ሆዱ በውሃ ይሞላል፣ የሚያገኘው ኃይል ግን ያንሳል። ጠባቂዋ ጡጦው ባዶ ሆኖ ስታይ «ጨርሶታል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ግን ልጁ አልጠገበም። ባለሙያዎች ገንፎው ማንኪያ ላይ ሳይንጠባጠብ የሚቆም ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው።

የዱቄት ወተትም የራሱ ጣጣ አለው። ዱቄቱ ከተሕዋስ የጸዳ አይደለም፤ ብርቅ ቢሆንም ጨቅላን የሚገድል ክሮኖባክተር የተባለ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሲየስ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ያዘዘው ይህን ለመግደል ነው። በተግባር ግን ብዙ ቤት ውሃው ጠዋት ፈልቶ ፔርሙስ ውስጥ ይቀመጥና ለብ ሲል ይበጠበጣል፤ ልጁን እንዳያቃጥል። የጥንቃቄው ሐሳብ ልክ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ መበጥበጥ፣ ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማብረድ ነው የሚገባው።

ንጽሕና ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለው ጥያቄም እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። በ2018 ከባንግላዴሽና ከኬንያ፣ በ2019 ከዚምባብዌ የወጡ ታላላቅ ሙከራዎች መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ ለቤተሰብ ማደል የልጆችን ቁመት እንዳልጨመረ አሳዩ፤ ተቅማጥ የቀነሰውም በባንግላዴሽ ብቻ ነው። በሌላ በኩል በ2021 የታተመ የጋምቢያ ገጠር ሙከራ በምግብ አዘገጃጀት ላይ ብቻ አተኩሮ፣ በዘፈንና በተውኔት መላ መንደሩን አሳትፎ የተቅማጥን መጠን ቀንሷል። አንዳንዶች ከዚህ «ትንሽ ንጽሕና አይበቃም፣ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ ሥርዓት ይገንባ» የሚል ድምዳሜ ይወስዳሉ፤ ሌሎች «ትኩረቱ ማንኪያውና ድስቱ ላይ ይሁን» ይላሉ። ክርክሩ አልተቋጨም።

ማንም ጠባቂ ሊያየው የማይችለው

ምንም ያህል የምትጠነቀቅ ሞግዚት ልታስወግደው የማትችለው አደጋም አለ። በ2016 የታተመ የታላቋ አዲስ አበባ ወተት ጥናት 110 ናሙና መርምሮ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 አገኘ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን በታች የሆኑት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህ መርዝ ወተት በማፍላት አይወገድም። በቅቤና በበርበሬ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀሉም ለኢትዮጵያ ሸማች አዲስ ዜና አይደለም። በአሜሪካም በ2021 የወጣ የኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት በታዋቂ የሕፃናት ምግቦች ውስጥ አርሴኒክና እርሳስ መገኘቱን ሲገልጽ ወላጆች «የታሸገው ይሻላል» ከሚለው እምነታቸው ተናውጠዋል።

እዚህ ላይ ሥጋቱ አቅጣጫውን መቀየር አለበት። ሠራተኛዋን «ምን አጠጣሽው?» ብሎ መጠየቅ ፋጉሎውን አያጸዳም፤ ይህ የመኖ፣ የቁጥጥርና የገበያ ጉዳይ ነው።

የተገለባበጡ ምክሮች

ከሁሉ በላይ በትውልዶች መካከል አለመተማመን የፈጠረው የለውዝ ታሪክ ነው። በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ ሦስት ዓመት ለውዝ እንዳይሰጣቸው መከረ፤ በ2008 ምክሩን አነሣ። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት በእንግሊዝ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆች የለውዝ አለርጂ በእስራኤል ካሉት አሥር እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ፤ እስራኤላውያን ሕፃናት «ባምባ» የተባለ የለውዝ መክሰስ በልጅነታቸው ይበላሉ። በ2015 በለንደን የወጣ ሙከራ ጥያቄውን ዘጋው፤ 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ተሳትፈውበት ገና በሕፃንነታቸው ለውዝ የበሉት እጅግ ባነሰ መጠን አለርጂ ያዛቸው። በ2017 የአሜሪካ መመሪያ ቀደም ብሎ ማስጀመርን ደገፈ።

ዋሽንግተን አካባቢ ልጇን ልታሳርስ ከአዲስ አበባ የሄደች አያት በዚህ መካከል ትገባለች። ልጇ ከሐኪሟ የተቀበለችው ምክር እህቷ ከ2008 በፊት ከተቀበለችው ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይም ልዩነቱ በደንብ መያዝ አለበት፤ ቀድሞ ይሰጥ የተባለው በገንፎ የተፈታ የለውዝ ቅቤ ነው፤ ሙሉ ለውዝ አሁንም ያንቃል። አንዱ ምክር የሰውነት መከላከያን፣ ሌላው ጉሮሮን ይመለከታል፤ ሲቀላቀሉ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የላም ወተትም እንዲሁ አልተዘጋም። የአሜሪካ ሐኪሞች አንድ ዓመት ሳይሞላ የላም ወተት ዋና መጠጥ አይሁን ይላሉ፤ ብረት ያንሰዋል፣ አንጀትንም ሊያደማ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ግን ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ወር ያለ፣ ጡት የማይጠባ ልጅ የዱቄት ወተት ወይም የእንስሳ ወተት ሊሰጠው ይችላል ብሏል። አንዱ የቆመው ዱቄቱን መግዛት ለሚችል ቤተሰብ፣ ሌላው ለመላው ዓለም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱም ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ሊኖሩ ይችላሉ።

ያልተሰጠውም ይጎዳል

ስለ አደገኛ ምግብ የሚደረገው ውይይት ሁሉ ስለሚሰጠው ነው፤ የሚከለከለው ግን ይረሳል። በ2016ቱ ጥናት ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉት ሕፃናት በቂ የሚባለውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሕፃን እንዲጾም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አታዝም፤ ነገር ግን ቤቱ ሲጾም ለአንድ ልጅ ተብሎ እንቁላል መቀቀልና የጾሙን ድስት ማስነካት ብዙዎችን ይከብዳቸዋል። ጠባቂዋ በዚህ የምታጠፋው ጥፋት የለም፤ ልጁ ግን ሳምንታት ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ያልፋል።

እንቁላል ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። በ2017 የታተመ የኢኳዶር ሙከራ በቀን አንድ እንቁላል የልጆችን ቁመት በግልጽ እንደጨመረ ሲያሳይ ከጥቂት ዓመት በኋላ በማላዊ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ያን ውጤት አላገኘም። የማላዊዎቹ ልጆች አስቀድሞ ዓሣ ይበሉ ስለነበር ነው የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። ባለሙያዎቹ በመጠኑ ይከራከራሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል ይሰጥ በሚለው ግን ይስማማሉ።

ጠባቂዋና ሕጉ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማን ምን ያድርግ በሚለው ላይ ሦስት አቋሞች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ቁጥጥርን ያስቀድማል፤ የሚሰጥ ምግብ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ ሌላ ነገር አይቅመስ፣ ካሜራ ይተከል። ለማርና ለቆሎ ይሠራል። ጉዳቱ እናት ተቆጪ ስትሆን እውነቱ መደበቁ ነው፤ ልጁ ማር ቀምሶ ሲታመም ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መረጃ «ምን በላ?» የሚለው ነው፤ የፈራች ሠራተኛ ግን አትናገርም።

ሁለተኛው ትምህርትን ያስቀድማል፤ ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ ለእናት ብቻ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ2003 ጀምሮ ብዙ ለውጥ አምጥቷል፤ ነገር ግን እናት የተማረችውን በቤቱ ሥልጣን ያላት አያት ትሽረዋለች።

ሦስተኛው አያቶችን ራሳቸውን ይዞ ይነሣል። ተመራማሪዋ ጁዲ ኦበልና ባልደረቦቿ በ2004 ባሳተሙት የሴኔጋል ጥናት በመንደሮቹ ለአያቶች ክብር ተሰጥቶ በውይይት ሲሳተፉ የእርግዝናና የሕፃናት አመጋገብ ምክር እንደተለወጠ አሳይተዋል፤ የልማድ ጠባቂዎች የሚባሉት ለውጥን የሚጠሉ አልነበሩም። ይህን መንገድ የሚተቹ ደግሞ ሥልጣኑን ከእናት ወደ አያት እንዳያሻግር ይሰጋሉ። ሁለቱም ነጥቦች ክብደት አላቸው።

ሦስቱም አቋሞች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን ይሰጣል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም እንዲሁ 90 ቀን ሰጥቶ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዞ ነበር፤ አፈጻጸሙ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። የጤናው መመሪያ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል፣ ሕጉ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሥራ ይመልሳል። በ2016ቱ ጥናት የጡት ወተት ብቻ የሚሰጣቸው ሕፃናት ድርሻ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባሉት 64 በመቶ፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባሉት 36 በመቶ መሆኑ በዚህ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ አብዛኞቹ እናቶች ተቀጣሪ አይደሉም። ለከተማዋ ተቀጣሪ ግን ክፍተቱ ቁልጭ ያለ ነው።

ክፍተቱን የምትሞላው ሞግዚት ደግሞ ከሕጉ ውጭ ናት። አዋጅ 1156 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን አያካትትም፤ የሚገዛት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት ድንጋጌዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ሥልጠና የሚሰጣቸው ተቋም ጥቂት ነው፤ ምግብ የማብሰል፣ ልብስ የማጠብና ልጅ የመጠበቅ ሥራ በአንድ ደመወዝ ይጫንባቸዋል። ድስቱ ሲያርር የምታይ ልጅ ጡጦውን በሙቅ ውሃ የምትቀቅለው መቼ ነው?

የጠራውና ያልጠራው

የጠራው ብዙ ነው። ዓመት ሳይሞላ ማር አይሰጥ፤ ቆሎ፣ ፈንድሻና ሙሉ ለውዝ ከአራት ዓመት በታች ካለ ልጅ ይራቁ፤ ከስድስት ወር በፊት ውሃም አጥሚትም አያስፈልግም፤ ከስድስት ወር በኋላ ገንፎው ወፍራም ይሁን፣ እንቁላልም ይግባበት፤ ዱቄት ወተት በሙቅ ውሃ ይበጥበጥ። እነዚህ በአንድ ወረቀት ተጽፈው ማቀዝቀዣ ላይ ሊለጠፉ ይችላሉ፤ ማንበብ ለማትችል ጠባቂም በአንድ ከሰዓት ይነገራሉ።

ያልጠራው ሌላ ነው። በጣት ጫፍ የሚቀመስ ቅቤ ለብቻው ምን ያህል ይጎዳል? ሐኪም ሳያውቀው የሚሰጥ ጤና አዳም በስንት ጠብታ መርዝ ይሆናል? በብዛት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ ለጨቅላ የሚሰጠው መጠን ግን አልተለካም። የቤት ውስጥ ንጽሕና ያለ ቧንቧ ውሃ የት ድረስ ይወስዳል? ለሞግዚት የሚሰጥ ሥልጠናስ የሕፃናትን ሕመም ይቀንሳል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለኢትዮጵያ ከተሞች ከሁሉም ይቀርባል፤ በቁም ነገር የተጠናው ግን እናትና አያት ላይ ነው። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚወጣው መመሪያ፣ ፖስተርና የሬዲዮ ማስታወቂያ «እናት ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ከሦስተኛው ወር በኋላ በብዙ የከተማ ቤት ማንኪያውን የያዘችው ሌላ ናት፤ ምክሩ በስሟ እስኪጠራትና ሥራዋን ሕግ እስኪያውቅላት ድረስ፣ ወላጆች በማታ የሚጠይቁት «ምን ሰጠሽው?» በቂ መልስ አያገኝም።